የባሮክ ፈረሰኛ በኤቺንግ፦ ከመዳብ ሰሌዳ እስከ ወረቀት፣ ደረጃ በደረጃ

ኤቺንግ ማለት በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተሳለን መስመር በአሲድ አስበልቶ፣ ቀለም ሞልቶ በወረቀት ላይ ማተም ነው። ይህን የጀመሩ ሰዎች ፈረሰኛ ሲሠሩ ደጋግሞ የሚገጥማቸው ችግር አንድ ነው። ፈረሱ፣ ከኋላው ያለው ኮረብታና ሰማዩ እኩል ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ስዕሉ ጥሩ ነበር። መስመሩም ንጹሕ ነው። ፈረሱ ግን ከወረቀቱ አይነሳም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አይደለም። ሰሌዳው አንዴ አሲድ ውስጥ ገብቶ፣ አንዴ ወጥቶ ስላለቀ ነው። በባሮክ ዘመን፣ ማለትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ፣ እንደ ዣክ ካሎ ያሉ የኤቺንግ ሠዓሊዎች ሰሌዳውን በየተራ ነበር በአሲድ የሚያስበሉት፦ ሩቁን ለአጭር ጊዜ፣ ቅርቡን ለረጅም ጊዜ። ይህን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ መካከለኛ ስዕል እንኳ ሕይወት ይኖረዋል።

ለሞዴል የምመክረው የፍሎረንሱን ስቴፋኖ ዴላ ቤላን (1610–1664) ነው። በክብ ውስጥ የሠራቸው የፖላንድና የሃንጋሪ ፈረሰኞች ለዚህ ልምምድ የተሠሩ ይመስላሉ። ፈረሱ ከፊት ገዝፎ ይቆማል። አድማሱ ዝቅ ብሎ በፈረሱ ጉልበት አካባቢ ያልፋል። ከኋላ ጥቃቅን ወታደሮችና ፈዛዛ ኮረብቶች ይታያሉ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥራዎቹን በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል። አንዱን አውርዳችሁ አጠገባችሁ አድርጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

- 18 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሰሌዳ፤ ከዚሁ መዳብ የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ለሙከራ
- ሞረድ፣ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት
- የጠመኔ ዱቄት እና አሞኒያ
- ግራውንድ፣ ማለትም ከሰም፣ ከሬንጅና ከጥድ ሙጫ የሚሠራው አሲድ የማያሳልፍ መሸፈኛ (ድቡልቡል የሆነውን ደረቅ ዓይነት ምረጡ)
- ትንሽ የቆዳ ወይም የጎማ ሮለር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ጧፍ
- ጫፉ የደነዘዘ መርፌ በእንጨት እጀታ
- ፈሪክ ክሎራይድ (መዳቡን የሚበላው ፈሳሽ፤ ከዚህ በታች «አሲዱ» የምለው እሱን ነው)፣ ሲትሪክ አሲድ፣ የፕላስቲክ ሳፋ
- አናጺዎች የሚጠቀሙበት ጎማላካ በአልኮል የቀለጠ፣ ቀጭን ብሩሽ
- የኤቺንግ ቀለም፣ ሻካራ ሻሽ፣ ወፍራም የጥጥ ወረቀት፣ ፕሬስ (ሰሌዳውንና ወረቀቱን አንድ ላይ በሮለር የሚጫን ማተሚያ)

ፈሪክ ክሎራይድ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት የሚሠሩ ሰዎችም ስለሚጠቀሙበት በእነሱ ዕቃ መሸጫ ጠይቁ።

ስለ ደህንነት፣ ሳይዘለል

ቤት ውስጥ ስትሠሩ ናይትሪክ አሲድ አትጠቀሙ። ጋዙ ሳንባ ይጎዳል። በፖታሲየም ክሎሬትና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚዘጋጀውንም የድሮ አሠራር ተዉት፤ ክሎሪን ይወጣዋል። ፈሪክ ክሎራይድ ከሁለቱም የዋህ ነው። ያም ሆኖ ዓይን ይጎዳል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ የነካውን ልብስና ሲሚንቶ ለዘለቄታው ቡናማ ያደርጋል።

ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። መስኮት ክፈቱ። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ በፍጹም አትጠቀሙ፤ ዕቃውን ይበላዋል። ዚንክና መዳብ በአንድ ፈሳሽ አታስበሉ። አሞኒያን ከበረኪና ጋር አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የወጥ ቤት ዕቃ ለዚህ ከዋለ ወደ ምግብ አይመለስም።

ደረጃ 1፦ ስዕሉን አዘጋጁ

መጀመሪያ በወረቀት ላይ ጨርሱት። ሰሌዳ ላይ እያሰባችሁ አትሳሉ።

ለፈረሱ አንድ መለኪያ ያዙ፦ የራሱን ርዝመት። ከደረት እስከ ቂጥ ሁለት ራስ ተኩል ያህል ነው። ከመሬት እስከ ትከሻም እንደዚያው። የባሮክ ፈረስ ከዚህ ይለያል ብላችሁ አትፍሩ። አንገቱ ወፍራምና የቀስት ቅርጽ ያለው፣ ራሱ አነስ ያለ፣ ዳሌው ክብ፣ ጋማው ረጅምና የተወዛወዘ ነው። መለኪያውን ከያዛችሁ በኋላ ማጋነን ትችላላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በእርምጃ ወይም በሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ ምረጡ። በኋላ እግሩ የቆመ ፈረስ ያምራል፤ ነገር ግን ክብደቱ በዳሌው ላይ ካላረፈ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ለሁለተኛው ሰሌዳ አቆዩት።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ። ከላይ በግራ በኩል ይሁን። ከዚያ ስዕሉን በአራት ቀለም እርሳስ ክፈሉት። ሰማይና ሩቅ ኮረብታ በአንድ ቀለም፤ መካከለኛው ሜዳና ብርሃን ያረፈበት የፈረሱ አካል በሁለተኛው፤ የቀረው የፈረሱ አካልና የፈረሰኛው ልብስ በሦስተኛው፤ መሬት ላይ የወደቀው ጥላ፣ የኮርቻው ጥላ፣ እርካቡ፣ የሆዱ ሥርና ሰኮናው በአራተኛው። ይህ ካርታችሁ ነው። አሲዱ ዘንድ ስትደርሱ ከእጃችሁ አይለይም።

ደረጃ 2፦ ግራና ቀኙን አረጋግጡ

ሰሌዳ ላይ ያለው ሁሉ በኅትመት ይገለበጣል። በፈረሰኛ ስዕል ይህ ወዲያው ያስታውቃል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጎራዴውን በግራ ዳሌው ይታጠቃል፤ ልጓሙን በግራ እጁ ይይዛል። ተገልብጦ ከወጣ ፈረሰኛው ግራኝ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስዕሉን በለስላሳ እርሳስ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ እንዳለ ቅዱና ወደ ሰሌዳው ስታስተላልፉ የተሳለበትን ገጽ ወደ ታች አድርጉ። ሰሌዳው ላይ ተገልብጦ ያርፋል። ሲታተም ደግሞ ይቃናል። ከዚህ በኋላ ሞዴሉን የምታዩት በመስታወት ውስጥ ይሁን። ብርሃኑም ሰሌዳው ላይ ከቀኝ እንደሚመጣ አስታውሱ፤ ብዙ ሰው ጎራዴውን አስተካክሎ ጥላውን ይረሳል።

ደረጃ 3፦ መዳቡን አሰናዱ

1. አራቱንም ጠርዝ በሞረድ ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሉ። ስለታም ጠርዝ ወረቀቱንና የፕሬሱን ሱፍ ይቆርጣል።
2. ገጹን በውሃ እያራሳችሁ በ400፣ ከዚያ በ600፣ ከዚያ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። በእያንዳንዱ ቁጥር አቅጣጫ ቀይሩ። የቀደመው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ።
3. የጠመኔ ዱቄትና አሞኒያ እንደ ሊጥ አድርጋችሁ በጨርቅ እሹት። በውሃ አለቅልቁት።
4. ሰሌዳውን አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ውሃው እንደ አንድ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ንጹሕ ነው። ጠብታ እየሠራ ከሸሸ ቅባት አለ። ተራ 3ን ድገሙ።

ከዚህ በኋላ ገጹን በጣት አትንኩ። ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ነው አሲድ ውስጥ ግራውንዱ ሲላጥበት የሚደናገጠው።

ደረጃ 4፦ ግራውንዱን ቀቡ

ሰሌዳውን ምድጃ ላይ አሙቁ። የግራውንዱን ድቡልቡል ስትነኩት በቀላሉ የሚቀልጥ ከሆነ በቂ ነው። ቢጨስ ግን ሙቀቱ በዝቷል፤ የተቃጠለ ግራውንድ ይሰባበራል። ጥቂት መስመሮች አስምሩበትና በሮለር በሁሉም አቅጣጫ አዳርሱት። ቀለሙ ስስ ማር የመሰለ ቡናማ መሆን አለበት። ጥቁር እስኪሆን አታወፍሩት።

አሁን ጧፉ ይመጣል። አራት ወይም አምስት ጧፍ አንድ ላይ ጠምዝዙ። ሰሌዳውን ገና ሞቆ እያለ በጉጠት ይዛችሁ ገጹን ወደ ታች አዙሩት። ነበልባሉን ከሥሩ ሳታቋርጡ አንቀሳቅሱ። ክሩ ሰሌዳውን አይንካው። ጥላሸቱ ወደ ሰሙ ሲገባ ገጹ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ይሆናል። ከጥቁሩ ላይ የመዳቡ መስመር ደምቆ የሚታያችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ጸጉራችሁን እሰሩ፤ አልኮልና አኳራጅ ከአጠገባችሁ አርቁ።

*ከተበላሸ፦* ገጹ አንጸባራቂነቱን አጥቶ ዱቄት ከመሰለ ተቃጥሏል። በአኳራጅ ጠርጉና ከደረጃ 3 ተራ 3 ጀምሩ። በላዩ ላይ ደርቦ መቀባት አያድነውም።

ደረጃ 5፦ አስተላልፉና በመርፌ ሳሉ

የትሬሲንግ ወረቀቱን በጥቂቱ አርጥቡ፤ ገጹን ወደ ታች አድርጋችሁ በቀላል ግፊት በፕሬሱ አሳልፉት። እርሳሱ ግራውንዱ ላይ ብርማ መስመር ይተዋል።

መርፌውን እንደ እስክሪብቶ ያዙ። ሥራው ሰሙን መግለጥ ብቻ ነው። መዳቡን አትፈርፍሩ፤ የሚቆፍረው አሲዱ ነው። መርፌው በሁሉም አቅጣጫ ሳይያዝ መሄድ አለበት። ቢይዝ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሽከረከራችሁ አደንዝዙት።

የካሎን ዓይነት ወፍሮ የሚቀጥን መስመር ከፈለጋችሁ ኤሾፕ ሥሩ። ወፍራም መርፌ ወስዳችሁ ጫፉን በ45 ዲግሪ ገደማ ስትሞርዱት እንቁላል ቅርጽ ያለው ፊት ይወጣዋል። በጠባቡ በኩል ሲሄድ ቀጭን፣ በጣታችሁ መካከል ስታዞሩት ወፍራም መስመር ይሰጣል። ለጋማው፣ ለጭራውና ለፈረሰኛው ላባ ግሩም ነው። በቁራጭ መዳብ ላይ ሳትለማመዱ ግን ወደ ሰሌዳው አታምጡት።

የመስመሩ አካሄድ ላይ ጊዜ ስጡ፤ የባሮክ መልክ የሚገኘው እዚህ ነው። የሆዱ መስመሮች ዙሪያውን ይከተሉ። የአንገቱ ከትከሻ ተነስተው ወደ ጆሮው ይታጠፉ። ዳሌው ላይ ሁለት ዓይነት ቅስት ይገናኙ። ብርሃን ባለበት በኩል የፈረሱን ዳር አታያይዙ፤ ይቆራረጥ፤ በጥላው በኩል ግን ደገም ደገም አድርጉት። ሰማዩን በጥቂት አግድም መስመር እለፉት። ሩቅ ያሉት ወታደሮች ከሦስት አራት ጭረት በላይ አይፈልጉም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ወደ ጥልቅ ጥቁር የሚሄዱ መስመሮች መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተዉ። አሲዱ ወደ ጎንም ስለሚበላ ተጠጋግተው ከተሳሉ መሐላቸው ያለው ሰም ይረግፋል። ሁለተኛ፣ ክቡን በኮምፓስ አትሥሩ። የኮምፓሱ እግር ፈረሱ ሆድ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ክቡን ወረቀቱ ላይ ሠርታችሁ አስተላልፉ።

ያለቦታው የገለጣችሁት መስመር ካለ በጎማላካ ሸፍኑት።

ደረጃ 6፦ አሲዱን አዘጋጁና ሞክሩ

አንድ እጅ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት በሦስት እጅ ለብ ያለ ውሃ አሟሙ። ከዚህ አንድ እጅ ወስዳችሁ ከአራት እጅ ፈሳሽ ፈሪክ ክሎራይድ ጋር ቀላቅሉ። ሲትሪክ አሲዱ መስመር ውስጥ የሚጠራቀመውን ዝቃጭ ይቀንሳል። ያገኛችሁት ፈሪክ ክሎራይድ ደረቅ ከሆነ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። በጣም ይሞቃል፣ ይረጫልም።

አሁን ሙከራው። ቁራጩን መዳብ እንደ ሰሌዳው አዘጋጁና አምስት የተመሳሳይ መስመር ቡድን ሳሉበት። ሁሉንም 5 ደቂቃ አስበሉ፤ አንዱን ሸፍኑ። ከዚያ በጠቅላላው 10፣ 20፣ 40 እና 80 ደቂቃ ሲሞላ ተራ በተራ ሸፍኑ። አትሙት። የእናንተ አሲድ በእናንተ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ጥቁረት ይህ ነው። ከሌላ ሰው የተቀዳ ሰዓት አያገለግላችሁም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ያለ ቀዝቃዛ ክፍልና ዱባይ ያለ ሞቃት በረንዳ በአንድ ሰዓት አይመሩም፤ ሲቀዘቅዝ አሲዱ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል።

ደረጃ 7፦ በየተራ አስበሉ

መጀመሪያ ጀርባውንና የተሞረዱትን ጠርዞች ሸፍኑ። ጀርባውን በማሸጊያ ፕላስተር፣ ጠርዙን በጎማላካ። ከዚያው ፕላስተር ጀርባው ላይ እጀታ ሥሩለት። ሰሌዳውን ገጹን ወደ ታች አድርጋችሁ በአራቱ ማዕዘን በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ አሳርፉት፤ ዝቃጩ ከመስመሩ ወጥቶ ይወርዳል። ከታች አየር እንዳይያዝ አንዱን ጎን አስቀድማችሁ አዘንብላችሁ አስገቡ። አረፋ የተያዘበት ቦታ አይበላም።

የሚከተሉት ሰዓቶች መነሻ ናቸው። በሙከራችሁ ውጤት አስተካክሏቸው።

1. ሁሉም፣ 8 ደቂቃ። አውጡ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ ሳታሹ አድርቁ። ሰማዩንና ሩቁን ኮረብታ በጎማላካ ሸፍኑ። ጎማላካው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት።
2. ተጨማሪ 12 ደቂቃ። መካከለኛውን ሜዳ፣ ጥቃቅኖቹን ወታደሮችና በፈረሱ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ሁሉ ሸፍኑ፦ የግንባሩን አጥንት፣ የደረቱን ፊት፣ የዳሌውን አናት።
3. ተጨማሪ 20 ደቂቃ። የቀረውን የፈረሱን አካልና የፈረሰኛውን ልብስ ሸፍኑ።
4. ተጨማሪ 40 ደቂቃ። አሁን ክፍት የቀረው የሆዱ ሥር፣ የኮርቻው ጥላ፣ እርካቡ፣ ሰኮናዎቹና መሬት ላይ የወደቀው ጥላ ብቻ ነው።

በየተራው መሐል መስመሩን በማጉያ መነጽር እዩት። የሸፈናችሁትን ድንበር ቀጥ ባለ መስመር አታቁሙ። ብሩሹን ወደ ቅርጹ እያጠማዘዛችሁ አልቁት፤ አለዚያ ኅትመቱ ላይ የተቆረጠ ድንበር ይታያል። ሽፋኑን በትክክል የት ማቆም እንዳለባችሁ የምትወስኑት በአራት ቀለም በተሠራው ካርታ ነው። ከተጠራጠራችሁ ሸፍኑ። ያነሰውን በኋላ ማጥቆር ይቻላል፤ የበዛውን ማቅለል ግን የቀናት ሥራ ነው።

*ግራውንዱ መላጥ ከጀመረ፦* ወዲያው አውጡ። አለቅልቁና አድርቁ። የተላጠውን በጎማላካ ሸፍኑና ቀጥሉ። ከገጹ ሩብ በላይ ከለቀቀ ግን አቁሙ፤ ሰሌዳውን አጽድታችሁ ያለውን አትማችሁ እዩ።

*መስመሩ ምንም ካልተበላ፦* መርፌው ስስ ሰም ትቶ አልፏል ወይም ጣት ነክቶታል። መስመሩን እንደገና በመርፌ እለፉበት።

ደረጃ 8፦ አጽዱና አትሙ

ጎማላካውን በአልኮል፣ ግራውንዱን በአኳራጅ አስለቅቁ። ወረቀቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። 250 ወይም 300 ግራም የሆነ የጥጥ ወረቀት ይሁን። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መካከል ተጫኑት። ገጹ ማብረቅ ሲያቆም ዝግጁ ነው።

ሰሌዳውን እጅ በሚችለው ልክ አሙቁ። ቀለሙን በካርቶን ቁራጭ ወደ መስመሮቹ ግፉ። በሻሹ በክብ እየዞራችሁ ጥረጉ። አትቸኩሉ፣ አትጫኑም፤ ከጫናችሁ ቀለሙን ከመስመሩ ታወጡታላችሁ። በመጨረሻ በመዳፋችሁ ጎን ላይ ጥቂት የጠመኔ ዱቄት አድርጋችሁ ብርሃኑን ቦታ ጥረጉ። ጠርዞቹን በንጹሕ ጨርቅ አጽዱ።

ፕሬስ የሌላችሁ በማንኪያ ፍቀን እናትማለን አትበሉ። ጥልቅ መስመር ውስጥ ያለው ቀለም እንዲወጣ ከባድ ግፊት ይፈልጋል። የፓስታ ማሽን ለትንሽ ሰሌዳ ይሠራል፤ ይህ 18 ሴንቲ ሜትሩ ግን አይገባበትም። የኅትመት ክፍል ባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጠይቁ።

የመጀመሪያው ኅትመት ሲወጣ

*ሰማዩ ላይ ጥቃቅን ነጥብ ካለ፦* ግራውንዱ ቀዳዳ ነበረው። በመፋቂያ ቀስ ብላችሁ ፋቁና በዘይት በተነካ ለስላሳ ብረት አሹት።

*ፈረሱ አሁንም ከፈዘዘ፦* ጥላ ባለበት በስለታም መርፌ መዳቡን በቀጥታ ጫሩ። በጭረቱ ዳር የሚነሳው ሻካራ የመዳብ ጠርዝ ቀለም ይዞ ለስላሳ ጥቁር ይሰጣል። ብዙ ቅጂ ካተማችሁ ግን ተጨፍልቆ ይጠፋል። ዘላቂ የሚሆነው ሰሌዳውን ጧፍ ሳታጨሱ እንደገና ግራውንድ መቀባት ነው። የድሮው መስመር በስሱ ሰም ውስጥ ስለሚታይ አዲሶቹን መሐሉ ጨምራችሁ አስበሉ።

*ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ሰፊ ግራጫ ሆኖ ከወጣ፦* መስመሮቹ ተያይዘው ሰፊ ጉድጓድ ሆነዋል፤ ቀለም የሚይዝ ግድግዳ የለም። በዚሁ አሠራር ጉድጓዱ ውስጥ አዲስ መስመሮች ሳሉና አስበሉ።

*ሁሉም ከጠቆረ፦* ሰሌዳውን ከመውቀሳችሁ በፊት አጠራረጋችሁን ለውጡና እንደገና አትሙ። አብዛኛውን ጊዜ የበዛው ቀለም ነው።

ያገለገለውን አሲድ

ፈሳሹን ለብዙ ሰሌዳ መጠቀም ይቻላል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከድናችሁ፣ ምን እንደሆነ ጽፋችሁበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ሲያረጅ መዳብ ስላለበት ወደ ቧንቧም ወደ አፈርም አይፈስስም። ሶዲየም ካርቦኔት ጥቂት በጥቂት ስትጨምሩበት እየፈላ ይረጋጋል፤ ሰፊ ዕቃ ተጠቀሙ። የዘቀጠውን ጭቃ በታሸገ ዕቃ አድርጋችሁ ኬሚካል ለሚቀበል ቦታ አስረክቡ።